የምንም ኃላፊ

ዓርብ ዕለት፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2007 ዓመተ ምሕረት፣ በሐምሌ ወር፣ እኩለ ቀን አልፎ ሩብ ሰዓት ሲሆን፣ እስራኤል አገር፣ ገዴራ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የድግስ አዳራሽ በር ላይ አቶ ፈንቴ አያ ይርሳውን ሰደበው። ይህን ታላቅ ቀን የታሪክ መጻሕፍት አልመዘገቡትም። ደግነቱ አያ ይርሳው መዝግቦታል።

ድግሱ የግዝረት ነበር። አቶ ፈንቴ፣ ድግስ በተደገሰበት ሁሉ ማንም ሳይሾመው የሚሾም ሰው፣ የተጋባዦችን ስም ዝርዝር ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። አንዱ አስተናጋጅ፣ «አያ ይርሳውን የት እናስቀምጠው?» ብሎ ጠየቀ። ፈንቴም ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ፣ «ይርሳው? ምንም አይደል፤ የትም ይቀመጥ» አለ።

ስድቡ ይኸው ነው። የአማርኛ ሊቃውንት፣ ማለትም የአያ ይርሳው ሚስት ወለላ፣ «ምንም አይደል» ማለት «ግድ የለም፣ ችግር የለም» ማለት ነው ብለው ተርጉመዋል። አያ ይርሳው ግን በመጨረሻው ፊደል ላይ የፈንቴ ድምፅ ከፍ ማለቱን በጆሮው ሰምቷል። «ምንም አይደል?» ነው ያለው። ይሄ ሰውዬ ምንም አይደል እንዴ፣ ምን ቦታ ያስፈልገዋል፣ ማለቱ ነው። በዚያች አንዲት የድምፅ ከፍታ ላይ አያ ይርሳው ቤት ሠርቶ አሥራ አንድ ዓመት ኖረባት።

«አንተ ሰው፣ ችግር የለም ነው'ኮ ያለው!» ትላለች ወለላ።

«አንቺ አልነበርሽም።»

«አጠገብህ ነበርኩ!»

«በግራዬ ነበርሽ። ቃሉ የመጣው በቀኝ ነው።»

የተቀመጠውም ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጀርባውን ይደቃው ነበር። ሃያ ሦስት ጊዜ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የአያ ይርሳውን ስም ያወጣው መልአክ ግን ያን ዕለት እረፍት ላይ ነበር። አባቱ ይርሳው ያሉት፣ በተወለደበት ዓመት ያዩትን ክፉ ነገር እግዜር ያስረሳኝ ብለው ነው። እግዜርም ሰማቸውና እሳቸውን አስረሳቸው። ልጅየው ግን በዕድሜው አንድም ነገር ረስቶ አያውቅም። አሁን የሚኖርባት ቂርያት ማላኪ ደግሞ የመላእክት ከተማ ማለት ናት ይላሉ፤ ሃያ ዓመት ኖሮባት ያን መልአክ አላገኘውም፤ ቢያገኘው የሚለው ነበረው።

ሌሎች ስድቦችም አሉት፤ የፈንቴው ዋናው ይሁን እንጅ። የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት መምህሯ ስሙን ሦስት ወር ሙሉ «ይስራው» ብላ ጠርታዋለች። በ2012 ክረምት ደግሞ ገዴራ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ ቢኮሬት መጣበት። ቢኮሬት ማለት፣ መቼም ያልደረሰበት የለም፣ ድንገት ከች ብሎ የተሳፋሪውን ካርድ የሚፈትሽ ተቆጣጣሪ ነው። የአያ ይርሳው ካርድ ሲነካ ጢጥ ሳይል ቀርቶ ኖሮ፣ ሰው ሁሉ እያየ ዝናብ ላይ አስወረደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ይርሳው ስለ መንግሥት ያለው እውቀት ተጠቃለለ፤ በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ ተቀምጦ ካርዱን የሚያሳይና ቆሞ የሚያይ።

እንግዲህ በ2018 የጸደይ ወራት፣ አያ ይርሳው በሚሠራበት፣ ከገዴራ ወደ ያቭኔ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ የእርሻ መሞከሪያ ጣቢያ፣ ለሰው ልጅ ሁሉ የሚተርፍ ጥናት ተጀመረ። የጣቢያውን ስም አንጠራም፤ እዚያ አሁንም የሚሠሩ ዘመዶች አሉን።

ጥናቱ ስለ ቲማቲም ጉዝጓዝ ነው። ጉዝጓዝ ማለት በተክሉ እግር ሥር የሚነጠፍ ልብስ ነው፤ አረሙን ያፍናል፣ እርጥበቱን ይይዛል። ከዱሮ ጀምሮ የሚነጠፈው ጥቁር ናይሎን ነበር። ናይሎን ግን ሥራውን ጨርሶ የማይሄድ እንግዳ ነው። አያ ይርሳው ስድስት ዓመት ሙሉ አጎንብሶ ከመሬት ሲለቅም የኖረው እሱን ነው። «ይሄ ናይሎን አፈር ውስጥ ሁለት መቶ ዓመት ይኖራል» ሲሉት፣ «ጨዋ ነገር ነው፤ አይረሳም» አለ። አሁን ግን ሊቃውንቱ ጊዜው ሲደርስ በገዛ ራሱ አፈር የሚሆን ጉዝጓዝ እንሞክር አሉ። እሱን በዕብራይስጥ ሚትካሌ ይሉታል።

ሙከራው የሚካሄደው ሰው ቆሞ በሚሄድበት ረጅም የናይሎን ዋሻ ውስጥ ነው። አራት ረድፍ ቲማቲም ተተከለ። ረድፍ አንድ ጥቁር ናይሎን ለበሰች። ረድፍ ሁለት ከበቆሎ የተሠራ ስስ ሚትካሌ ለበሰች። ረድፍ ሦስት ቡናማ ወረቀት ለበሰች። ረድፍ አራት ራቁቷን ቀረች።

ጥናቱን የምትመራው ሺሪ የምትባል የእኛው ልጅ ናት፤ ያቭኔ ተወልዳ ያደገች፣ ሁለተኛ ዲግሪዋን የያዘች። ዕብራይስጧ እንደ ወንዝ ይወርዳል፤ አማርኛዋ እንደ ቧንቧ ይንጠባጠባል። የመጀመሪያው ቀን አያ ይርሳውን ጠርታ ረድፍ አራት ጫፍ ላይ አቆመችው።

«አባ ይርሳው፣ አንተ...» አለች። አንተ! ይኸም ተመዘገበ። «አንተ፣ እዚህ፣ ኃላፊ። ቢኮሬት። ቤሰደር? እሺ?»

አያ ይርሳው ጣቱን ወደ ደረቱ ቀሰረ።

«እኔ? ቢኮሬት?»

«ኬን፣ ኬን፣ አዎ። ቢኮሬት ኃላፊ። በጣም ዋና ነው። ቢኮሬት ከሌለ ጥናት የለም።»

«የተማረ ሰው ይግደለኝ» አለ አያ ይርሳው። አንተ ማለቷንም በሆዱ ይቅር አላት። ወዲያው አልነበረም፤ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶበታል።

በማግሥቱ ጠዋት ከቂርያት ማላኪ ሲመጣ የሰንበት ሸሚዙን ለብሶ፣ ፊሽካ ባንገቱ አንጠልጥሎ፣ ደብተር በብብቱ ይዞ ነበር። ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ፊሽካውን ነፋና «ቢኮሬት!» ብሎ ጮኸ። የሥራ ጓደኛው አንዳርጌ የያዘውን ባልዲ ለቀቀ።

«ምን ሁነሃል አያ ይርሳው?»

«ተሹሜያለሁ። እጅህን አሳይ።»

አንዳርጌ እጁን አሳየ። አያ ይርሳው ገልብጦ አይቶ ደብተሩ ላይ ጻፈ። በመሠረተ ትምህርት የተማረው ፊደል ሠላሳ ዓመት ሥራ ፈቶ ከርሞ ዛሬ ለወግ በቃ።

«ለቲማቲሙም ትኬት ትቆርጥለታለህ?» አለ አንዳርጌ።

«አንተ ሳቅ። እኔን ዝናብ ላይ ያወረደኝም እንዲህ ይስቅ ነበር።»

ሹመቱ በቂርያት ማላኪ ሕንጻዎች ከፎቅ ፎቅ ተሰማ። ጎረቤታችን ማሪቱ፣ «እንኳን ለዚህ አበቃህ፤ እስቲ ያን የመስመር አራቱን አውቶቡስ ሹፌር አንድ በልልኝ፤ በሩን እግሬ ላይ ነው የሚዘጋው» አለችው። አያ ይርሳውም «ይታያል» አላት። ይታያል ማለትን ከባለሥልጣን በስተቀር ማንም አስተምሮት አያውቅም፤ ከሹመቱ ጋር አብሮ መጣ።

ደግሞ አስተዳደሩ የሚያስደንቅ ነበር። የወረቀቱ ጉዝጓዝ በሦስተኛው ሳምንት በውኃ ራሰና ተቀደደ፤ አያ ይርሳው «ረድፍ ሦስት ያለ ፈቃድ ተቀድዳለች» ብሎ ጻፈ። የበቆሎው ሚትካሌ ከቀጠሮው በፊት በየቦታው መሳሳት ጀመረ፤ «ረድፍ ሁለት ከሥራ ገበታዋ ትጠፋለች» ብሎ ጻፈ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን የአባቶች ሕግ በማክበር በቀን ሁለት ቲማቲም ይበላ ነበር፤ እሱንም ቆሞ፣ ፊቱን አኮሳትሮ፣ ለምርመራ።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነው። ረድፍ አራት ጫፍ ላይ ቢኮሬት የሚል ጽሑፍ ተተክሏል። ይህች የእሱ ረድፍ ናት፤ የሹም መሬት ማለት ናት። ታዲያ ናይሎኗም ወረቀቷም ሲለብሱ የሹሙ መሬት ራቁቷን ትቁም? ፀሐይ ሲያነዳት፣ አረም ሲወራት፣ ተክሎቿ ሲጠወልጉ እያየ ሁለት ሳምንት ታገሠ። ጠረጴዛው ወጥ ቤት በር አጠገብ የሆነበት ቀን ትዝ አለው። ጀርባውን አመመው።

«እኔን ባያከብሩ መሬቷ ምን አደረገቻቸው?» አለ ለአንዳርጌ።

አባቱ ወገራ ላይ በርበሬ ሲያበቅሉ ተክሉ ሥር ጭድ ይጎዘጉዙ ነበር። ሁለተኛ ዲግሪ አልነበራቸውም፤ አንደኛውም አልነበራቸውም። ከጣቢያው ጀርባ ደግሞ የፈረስ ጋጣ አለ፤ ያደረ የስንዴ ጭድ እየጠረጉ የሚጥሉበት። አያ ይርሳው በጆንያ ሰባት ጊዜ ተመላልሶ ረድፍ አራትን አለበሳት፤ አንድ ስንዝር ውፍረት፣ እንደ ሙሽራ መኝታ።

አንዳርጌ ዙሪያውን ቃኘ። «አያ ይርሳው፣ ይሄ ነገር ይፈቀዳል?»

«ቢኮሬቱ ማን ነው?»

«አንተ።»

«እንግዲያስ ፈቅጃለሁ።»

ይሁንና ሺሪ በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ እየመጣች ትለካለች። መቼም ሹም የሆነ ሰው ሕግ ይፈራል። ስለዚህ ሺሪ የምትመጣበት ማክሰኞ ጠዋት አያ ይርሳው ጭዱን በመንሽ ገልብጦ ከዋሻው ጀርባ ይደብቃል፤ ሺሪ ስትሄድ መልሶ ያለብሳል። ማልበስና መግፈፍ፣ መግፈፍና ማልበስ። ወገቡ ተሰበረ። በሌላ አገር እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራው ሌባ ነው፤ እኛ ዘንድ ተቆጣጣሪው ራሱ ሠራው። ሰኔ ሲገባ ግን ጭዱ መግፈፊያ አላስፈለገውም፤ በስብሶ አፈር ሆነ። ሺሪ አፈሩን በጣቷ ቆንጥራ፣ «ኤይዜ ዮፊ! ጥቁር፣ ቆንጆ» አለች። ኮምፒውተሯ ላይም ጻፈች። አያ ይርሳውም ደብተሩ ላይ ጻፈ፦ «ረድፍ አራት፦ ጥፋት የለባትም።»

ተክሎቹ የዋሻውን ጣራ ነኩ። ቲማቲሙ እንደ ሕፃን ጭንቅላት ሆነ።

ሐምሌ መግቢያ ላይ የጉብኝት ቀን ተወሰነ፤ ገበሬው፣ ሹማምንቱ፣ የኅብረተሰቡ ተወካዮች ሁሉ ይመጣሉ ተባለ። የኅብረተሰቡ ተወካይ ማን ነው ቢባል፣ ሳንድዊች በቀረበበት ሁሉ ኅብረተሰቡን የሚወክለው አቶ ፈንቴ ነው።

ያን የሰማ ዕለት አያ ይርሳው ምሳውን ተወው።

«አሁን ደግሞ ምን ታስባለህ?» አለች ወለላ።

«ይመጣል። ያየኛል። ረድፌን ያያል። በሰው ፊት አንድ ቃል ይላል።»

«ምን?»

«ይቅርታ። ሌላ አልፈልግም። ይቅርታ ካለኝ ተውኩለት፤ ደብተሩን ዘጋሁት።»

«እሱ'ኮ የተናገረውን አያስታውሰውም፣ አንተ።»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

«ሃያ ሦስት ጊዜ የወጋህ በሩ ነው» አለችና ሳህኑን አነሳች።

ለነገሩ አያ ይርሳው ይቅርታውን እንዴት እንደሚቀበል በመስታወት ፊት ተለማምዶበታል። መጀመሪያ ዝም ማለት። ቀጥሎ ራስን ቀስ አድርጎ መነቅነቅ። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው መመለስ። የሚመልሰው ቃል ምን እንደሆነ አላሰበበትም፤ እሱማ ራሱ ይመጣል።

ቀኑ ደረሰ። አርባ የሚሆን ሰው ዋሻው ውስጥ ተኮልኩሎ ላቡን ይጠርጋል። አቶ ፈንቴ ከፊት ነው፤ ክራባቱን አላላ እንጅ አልፈታም። አያ ይርሳውን ሲያይ እጁን ዘርግቶ መጣ።

«አያ ይርሳው! ከዚያ ከግዝረቱ ወዲህ ጠፋህ'ኮ! አለህ?»

«አለሁ።»

«ምን ትሠራለህ እዚህ?»

አያ ይርሳው ይችን ጥያቄ ለአሥራ አንድ ዓመት ጠብቋታል። ፊሽካውን አስተካከለ። «ቢኮሬት ነኝ» አለ። «የዚህ ሁሉ።»

«ኧረግ! እውነትህን ነው?» አለ ፈንቴ፣ ሳያውቀውም ኪሱን ዳበሰ፤ ካርዱን ሊያሳይ።

በእውነት ለመናገር፣ አያ ይርሳው የዚያን ጊዜ ቢሞት በደስታ ይሞት ነበር። ሳይሞት ሺሪ መናገር ጀመረች።

በዕብራይስጥ ብዙ ተናገረች፤ ሰንጠረዥ አሳየች። ረድፍ አንድ፣ ናይሎኑ፣ ደህና ሰጥቷል። ረድፍ ሁለት መካከለኛ ነው። ረድፍ ሦስት አይነሳ። ረድፍ አራት ግን ሁሉንም በሲሶ በልጧል። ሕዝቡ ተንጫጫ። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ ክብር ስትል ወደ አማርኛ ዞረች። ምነው በዕብራይስጡ በቀረች።

«አባቶች፣ ይሄ ቢኮሬት ነው። ቢኮሬት ማለት... ኤክ ኦምሪም፣ ምን ይባላል... ሌሎቹን ለማወዳደር። ለዚህ ናይሎን የለም። ወረቀት የለም። ለዚህ የሰጠነው፣ ክሉም፤ ምንም። ይሄ ረድፍ ምንም ነው።» ከዚያ በፍቅር አያ ይርሳውን ክንዱን ይዛ ወደ ፊት ሳበችው። «አባ ይርሳው ደግሞ የምንም ኃላፊ ነው!»

አንዳርጌ ሳል ያዘው።

አያ ይርሳው እግሩ ሥር ያለውን ጽሑፍ አየ። ቢኮሬት። አራት ወር ፊሽካ የነፋበት፣ የሰንበት ሸሚዙን የጨረሰበት ሹመት በሁለት ቃል ተገለጠለት። ተቆጣጣሪ አልነበረም። ምንም እንዳይደረግላት የተጠበቀች መሬት ጠባቂ ነበር። ለራሱም፣ «ወይ ይርሳው፣ ለምንም ፊሽካ ገዝተሃል!» አለ፤ ሊስቅም ቃጣው።

የጣቢያው ዳይሬክተር ወደፊት መጣ። ምንም ይህን ያህል ውጤታማ መሆኑ በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ መታየቱን፣ ጣቢያው በሚመጣው ዓመት ምንምን በአራት ዋሻዎች እንደሚያስፋፋ፣ ለምንም አንድ ኮሚቴ እንደሚቋቋም አበሠረ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

«ግን አንድ ጥያቄ» አለ ዳይሬክተሩ፤ ሺሪ ተረጎመች። «አባ ይርሳው፣ ለረድፍ አራት ምን አደረግክላት?»

አንዳርጌ መሬት መሬት አየ። አያ ይርሳው ጭዱን አሰበ። ሰባት ጆንያ፣ የአባቱ እጅ፣ የተሰበረ ወገቡ። ተናገረ ማለት የእሱ ነገር ከናይሎኑም ከበቆሎውም በለጠ ማለት ነው፤ ሰው ሁሉ ሰማ፣ ፈንቴ ሰማ። ደግሞም ተናገረ ማለት የሺሪ ጥናት ገደል ገባ፣ ቢኮሬቱም ሕግ አፍራሽ ሆነ ማለት ነው። ማስረጃ ላቅርብ ቢል ጭዱ የለም። ሁሉም የሚፈልገውን እውነተኛ ሚትካሌ ያመጣው እሱ ነበር፤ እንደ ወጉም ያለ ምስክር አፈር ሆነ። ሺሪን አየ። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ከደስታ።

«ምንም» አለ አያ ይርሳው።

በገዛ አፉ። በፈንቴ ፊት።

ጭብጨባው ናይሎኑን አርገበገበው። አቶ ፈንቴማ ይህን አጋጣሚ አያሳልፍም፤ ሳይጋበዝ ንግግር ጀመረ። «ክቡራንና ክቡራት! እኛ ከምንም የመጣን ሕዝብ ነን። ምንም ግን ቀላል ነገር አይደለም! ዛሬ ምንም አኮራን! የምንም ባለቤት የሆነው ወንድማችን...» እጁን አወናጨፈ፣ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ በተረከዙም የአያ ይርሳውን የግራ እግር አውራ ጣት ክፉኛ ረገጠው።

ፈንቴ ደንግጦ ዞረ። ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ አርባ ሰው እየሰማ፣ «ኧረ ይቅርታ፣ አያ ይርሳው! በጣም ይቅርታ!» አለ።

አሥራ አንድ ዓመት የተጠበቀችው ቃል መጣች። ያውም ሁለት ጊዜ፤ ያውም ከመጎንበስ ጋር።

አያ ይርሳው ዝም አለ፤ እንደ ልምምዱ። ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀ፤ እንደ ልምምዱ። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው ሊመልስ አፉን ከፈተ። መልሱም ራሱ መጣ፤ ከንፈሩ ላይ ደርሶ ቆመ። ጨዋ ሰው ይቅርታ ሲባል ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመልሰው አንድ መልስ ነው፤ ሁለት ቃል ናት፣ ሁላችንም እናውቃታለን።

አፉን ከደነ። ፊሽካውን ካንገቱ አውልቆ በጽሑፉ ላይ ሰቀለውና በረድፍ ሦስትና በረድፍ አራት መካከል እያነከሰ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው መንገድ ያዘ።

«ምን ሆነ አያ ይርሳው? ተቀየመ እንዴ?» አለ ከኋላ አንዱ።

«ኧረ ምንም አይደል» አለ ፈንቴ።

አያ ይርሳው በቀኝ ጆሮው ሰማው። በመጨረሻው ፊደል ላይ ድምፁ ከፍ ብሎ እንደሆነ ለማጣራት ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ መንገዱን ቀጠለ።